ፎቶዎን ስላበላሸው ሰማያዊ ገመድ

ለክቡር ዶክተር ሙዛሂም አብዱልዋሂድ
የከተማችን የደም ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባስራ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ደምዎ ከልብዎ ተነስቶ እስከ እግር ጣትዎ ወርዶ፣ ከእግር ጣትዎም ወደ ልብዎ ተመልሶ፣ በመንገዱ ላይ አንድም ብሎን ሳይገጥመው እንዲዘዋወር ከነቤተሰቤ ከልብ እመኛለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ በር የሚከፍትልዎ፣ ሻይዎን የሚያማስልልዎና ፎቶዎን የሚያነሳልዎ ሁሉ ደህና ይሁኑልኝ። በተለይ የፎቶ አንሺዎን ጤና ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ የዚህ ደብዳቤ ዋና ምስክር እሱ ነውና።

እኔ ጃሲብ ነዒም እባላለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በልጄ ስም አቡ ጁማና እየተባልኩ ነው። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ፊቴ አስቀምጬ ለሌላው ሰው አቤቱታ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «በታላቅ ትሕትና» እና «የክቡርነትዎን ሆደ ሰፊነት በመተማመን» እያልኩ ስጽፍ ስለኖርኩ ቃላቱ እጄን ለምደውታል፤ ዛሬም ሳላስበው ቢያመልጡኝ እውነት እንዳይመስልዎ። ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በፖስታ ከመላክ ይልቅ በጋዜጣ ማውጣቱን የመረጥኩት፣ ወደ ቢሮዎ የገባ ወረቀት ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ደንበኞቼ ስለሚያውቁ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። በመጪው እሑድ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ተሰብስቦ የማዕከሉን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀውን ኢንጂነር ኢብቲሃል ሀሚድን ከሥራ ሊያሰናብት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ ደግሞ ልጄ ጁማና ደም የምትወስድበት ቀን ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች የሚያያይዛቸው ከሕንፃዎ ውጭ፣ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሰማያዊ ገመድ ነው። ኢንጂነሯንና ገመዱን ባሉበት እንዲተዉልኝ ልለምንዎ ነው የምጽፈው።

ጁማና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታላሲሚያ የሚባለው በሽታ ስላለባት ሰውነቷ በቂ ደም አይሠራም፤ ስለዚህ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ የሌላ ሰው ደም እየወሰደች ነው የኖረችው። የስንቱ ደም በውስጧ እንዳለፈ ባላውቅም፣ ስትቆጣ ጊዜ ግን የእናቷ ወገን ብቻ መሆኑ ይታወቀኛል። ለብዙ ዓመታት ከመውሰዷ የተነሳ አሁን ሰውነቷ መራጭ ሆኗል፤ የደም ዓይነቱ ስለገጠመ ብቻ አይቀበልም፤ ፍሪጅ ሙሉ ከረጢት ቢኖር አንዱ ወይም ሁለቱ ቢስማሟት ነው። የትኛው ከረጢት ለማን እንደተያዘ ነርሶቹ ድሮ በእጃቸው ይጽፉበት ነበር። ክቡርነትዎ ግን «የእጅ ጽሑፍ ኋላቀርነት ነው» ብለው ስላስቆሙት፣ ዛሬ ከረጢቱ ላይ ከደም ዓይነቱና ከባርኮዱ በቀር ምንም የለም፤ የቀረውን የሚያውቀው የማዕከሉ ኮምፒውተር ነው። ስክሪኑ ሲበራ ልጄ ደሟን ታገኛለች፤ ስክሪኑ ሲጠፋ በደም የተሞላ ፍሪጅ አጠገብ ተኝታ ትነጣለች።

ይህን ስለምታውቅ ነው ጁማና አንድ ቀን፣ ኢንጂነር ኢብቲሃል የክፍሉን ስክሪን ልታይ ስትመጣ፣ ከአልጋዋ ሆና የጠየቀቻት።

«ኢብቲሃል፣ ይሄ ነገር ቢጠፋ የኔን ደም ማን ይፈልግልኛል?»

«አይጠፋም የኔ ቆንጆ» አለቻት። «ከበስተጀርባው ሁለት ሰርቨሮች አሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለው። አንደኛው ካርድ ይሠራል፣ ሁለተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዝም ካለ ተጠባባቂው የሱኑን አድራሻ ይወስድና ‹ከአሁን በኋላ በዚህ በኩል ነኝ› ብሎ ይናገራል። ስክሪኑ መቀየሩንም አያውቅም።»

እኔም ዝም ማለት አልችልምና ገባሁበት። «ወጣኒያ፣ የመንግሥት መብራቱ፣ ሲሄድ የሰፈር ጄኔሬተር እንደሚገባው በይኛ!»

«አንተ አጎቴ፣ ከኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች ቀድመህ ገባህ!» ብላ ሳቀች።

«ሁለቱም ካርዶች ከሞቱስ?» አለች ጁማና፤ ነገር ካልጨረሰች አትተኛም።

«ሁለቱ ሰርቨሮች ሁልጊዜ ‹አለህ ወይ?› ‹አለሁ› ይባባላሉ። አንዱ መልስ ካጣ ሌላው ሥራውን ይረከባል።»

«ሁሉም ባንዴ ከሞቱስ?»

«ለዚህ ነዋ መንገዳቸውን የለያየሁት! የሚሠሩት ገመዶች በምሥራቁ ግድግዳ ወደ ታችኛው ፎቅ ማከፋፈያ ሣጥን ይሄዳሉ፤ የተጠባባቂዎቹ በምዕራቡ ግድግዳ ወደ ላይኛው። ሁለቱን መንገድ ባንዴ የሚቆርጥ ሰው ገና አልተወለደም።»

ክቡርነትዎ፣ ይህች ብርቱ ልጅ በሥራዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስትሳሳት ያየኋት ያኔ ነው። ሰውየው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ዶክተር ተብሎ፣ ዳይሬክተር ሆኖ ተሹሞ ነበር።

እንግዲህ በሙያዬ ልማድ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከዋና ከተማው የሚመጡት እንግዶች ሊጎበኙ ነው ተብሎ ማዕከሉ ቀለም በተቀባበት ሳምንት፣ ክቡርነትዎ በኮሪደሩ ሲያልፉ በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ የሚሄዱትን ገመዶች አይተው መቆምዎን፣ እኔም ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። «ይሄ ምንድን ነው? ግድግዳዬን የልብስ መስጫ አደረጋችሁት እኮ!» አሉ። ኢብቲሃል ልታስረዳዎ ሞከረች። እርስዎም ስለ ተጠባባቂው ካርድ «ምንድን ነው ሥራው?» ብለው ጠየቋት። «ይጠብቃል» አለችዎ። «ይጠብቃል? እዚህ ቤት ማንም ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ አይጠብቅም!» ብለው ጮኹ። ከንጋት ጀምረን ተቀምጠን የምንጠብቀው ሁላችን እግራችንን ሰብስበን አሳለፍንዎ። በማግሥቱ አራቱም ገመዶች፣ ሰርቨሮቹ «አለህ ወይ?» ከሚባባሉበት ቀጭን ገመድ ጋር፣ ከየመንገዳቸው ተነቅለው በአንድ ነጭ የፕላስቲክ መክተቻ ውስጥ በአንድ ግድግዳ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። በርግጥ አምሮ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም አይቼ አመሰገንኩ፤ ምን እንደሆነ የገባኝ ኢብቲሃል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ፣ የሞተ ሰው እንደሚታይ አድርጋ ስታየው ነው።

አላዋቂነት ነው ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ ቤትዎን አውቀዋለሁ። ባለጠጎች የሚኖሩበትን የአልጀዛኢርን ሰፈር የማያውቅ የለም። ወጣኒያው በፊት ለፊት በር በኩል ይገባል፤ የሰፈሩ ጄኔሬተር መስመር በጓሮ አጥር ዞሮ ይመጣል፤ ሁለቱም ቢከዱዎ ብለው ደግሞ አትክልቱ ውስጥ የራስዎን ጄኔሬተር ተክለዋል። ሦስት መንገድ፣ ሦስት በር። ባስራ ውስጥ ዓሣ የሚጠብስ ሰው እንኳ ሁለት መብራቱን ባንድ ሽቦ አያስገባም፤ በሐምሌ ሙቀት ማራገቢያው ከቆመበት ሰው ተምረናላ። ስለዚህ ነገሩ ሳይገባዎ ቀርቶ አይደለም። ለእርስዎ ሳሎን የሚያስፈልገው ለልጄ አልጋ እንደማያስፈልግ ገምተው ነው።

ሁለተኛ፤ በጉብኝቱ ዕለት ጠዋት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጁማና መጥታ ከተኛች በኋላ፣ ክቡርነትዎ «የማይቋረጥ አገልግሎት» ተብሎ የተቀረጸበትን ከባድ የነሐስ ሰሌዳ በኮሪደሩ እንዲሰቀል አዘዙ። ቦታውንም ራስዎ መረጡ፤ ነጩ መክተቻ ላይ፣ እንዲሸፍነውም ጭምር። ድሪል የያዘው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነበር፤ «ጌታዬ፣ ከዚህ ሥር ምንድን ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀዎ። «ግድግዳ ነዋ! ግድግዳ ውስጥ ግድግዳ እንጂ ምን ይኖራል? በል ቶሎ በል፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው!» አሉት። እሱም ቶሎ አለ። የመጀመሪያው ብሎን ሲገባ የነርሶቹ ስክሪን ላይ ያለው ጽሑፍ ቆመ፤ ሦስተኛው ሲገባ ሁሉም ባዶ ሆነ።

የማይቋረጥ አገልግሎት የሚለው ሰሌዳ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ለማየት በመብቃቴ ዕድለኛ ነኝ። ኢብቲሃል በኋላ እንደነገረችን፣ የሚሠሩት ካርዶች ሲሞቱ ተጠባባቂዎቹ እንደታዘዙት ሊነሱ ሞክረው ነበር፤ ግን የነሱም ገመድ በዚያው ብሎን ተበጥሷል። ሁለቱ ሰርቨሮችም ድምፅ ሲጠፋባቸው እያንዳንዳቸው ሌላኛው ሞቷል ብለው ራሳቸውን ኃላፊ አድርገው ሾሙ፤ ወሬያቸው ግን ከየክፍላቸው በር አያልፍም። ይህን ስሰማ ማንን እንዳስታወሰኝ ልናገር አልፈልግም። ቢያንስ እነሱ ሊሠሩ ይፈልጉ ነበር።

ዋና ነርሷ ሲስተር ሹክሪያ ፍሪጁን ከፍታ ከረጢቶቹን እያገላበጠች ስታለቅስ አይቻታለሁ። «አቡ ጁማና፣ የልጅህ ደም እዚህ ውስጥ ነው፤ እዚህ! የትኛው እንደሆነ ግን እንዴት ልወቅ? አንዱን ባነሳና ቢያስጨንቃት?» አለችኝ። ኮሪደሩ የቀለም ሽታ ነው፤ ውጭ አትክልቱ ውስጥ ለእንግዶቹ የታረደው በግ በሩዝ ላይ እየተጋደመ ነው። ልጄ ከንፈሯ የደረቀ ቴምር መስሏል።

ሦስተኛ፤ ይህን ሳልጽፈው ልተወው ነበር፤ ኋላ ግን ጻፍኩት። እንግዶቹ መጡ፤ መጋረጃው ከሰሌዳው ላይ ተገለጠ፤ ተጨበጨበ። ስክሪኖቹ ለምን እንደጠፉ አንዱ ሲጠይቅዎ «ኃይል ለመቆጠብ ነው» ብለው መለሱ። ከዚያም ስለ ደም ልገሳ በሰጡት ንግግር «እኔ ራሴ ለሁሉም የሚሰጥ ደም ነው ያለኝ» ብለው ደረትዎን መቱ፤ ባለፈው ዓመት በልገሳው ቀን አልጋው ላይ ጋደም ብለው እጅጌዎን ሲጠቀልሉ የተነሱትንም ፎቶ አሳዩዋቸው። ነርሶቹ ሁሉ እንደሚያውቁት ፎቶ አንሺው ሲጨርስ መርፌው ሳይገባ ነው የተነሱት። ይህም አልፎ ወደ ጁማና አልጋ መጡ። እንድትስቅ ጠየቋት። እጇን ይዘው ወደ ካሜራው ዞሩ። እጇ በረዶ ነበር፤ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ምክንያቱም ብልጭታው እንዳበቃ እርጥብ ሶፍት ከኪስዎ አውጥተው ጣቶችዎን አንድ በአንድ ጠረጉና ሶፍቱን ብርድ ልብሷ ላይ ጥለውት ሄዱ። ብዙ ቆሻሻ አይቻለሁ፤ ከጎርፍ በኋላ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የዓሻርን ቦይ አይቻለሁ። እንደዚያ ሶፍት ያስጸየፈኝ ግን የለም። ጁማና በሁለት ጣቷ አነሳችውና «አባባ፣ ይሄን የት ልጣለው? ልዩ ቆሻሻ ነው እኮ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗ ተገለበጠና ራሷን ሳተች።

አራተኛ፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ግን በቁጥሩ ውስጥ ይግባልኝ። ኢብቲሃል እንግዶች እስኪሄዱ በኮሪደሩ እንዳትታይ ታዝዛ ነበር። ልጄ መውደቋን ስትሰማ ሰርቨሩ ክፍል ገብታ ረጅም ሰማያዊ ገመድ አነሳች። አንዱን ጫፍ ተጠባባቂው ካርድ ላይ ሰካችው፤ ሌላውን ደግሞ በመስኮቱ ከሕንፃው ውጭ፣ በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ በቡገንቪሊያው አበባ ላይ እየጎተተች አውጥታ ወደ ላይኛው ማከፋፈያ ሣጥን አስገባችው። መሰላል ስላልተሰጣት ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየተወረወረ ነው የሄደው፤ አንዱን ውርወራ በልጄ ክፍል መስኮት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጫፉ ሣጥኑ ውስጥ «ቀጭ» ሲል ያ ሥራ ፈት ብለው የሰደቡት ካርድ ነቃና «በዚህ በኩል ነኝ» አለ። ስክሪኖቹ በሩ። ሲስተር ሹክሪያ የባርኮድ ማንበቢያውን ይዛ ወደ ፍሪጁ ሮጠች።

በዚህ ጊዜ ክቡርነትዎ ከእንግዶቹ ጋር በር ላይ ለመሰናበቻው ፎቶ ተሰልፈው ነበር። ፎቶ አንሺው ገመዱን ያየው ያኔ ነው፤ ልክ ከራስዎ በላይ፣ ከአንዱ ጆሮዎ ወደ ሌላው የሚሄድ ይመስል ነበር። ዞር ብለው አዩትና በመስኮቱ ወደ ኢብቲሃል ጮኹ። «ያንን ነገር አንሺልኝ!»

«ዶክተር፣ እሱ ከተነሳ ስክሪኑ ይጠፋል። አሁን ደም እየፈለጉ ነው።»

«ለአንድ ደቂቃ ነቅለሽ መልሺው! ፎቶው እስኪያልቅ!»

«ለአንድ ደቂቃም አልነቅልም።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳዎ። ሲስተር ሹክሪያ በዚያች ደቂቃ ፍሪጁ ፊት ተንበርክካ የመጨረሻዎቹን ከረጢቶች እያነበበች ነበር። እኔ በአንድ እጄ የልጄን ጭንቅላት ደግፌ በሌላው ገመዱን ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ይዣለሁ። ኢብቲሃል በማዶ ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ማንም እንዳይጎትተው ነው። ሥራውን እየሠራ ለነበረው ካርድ ያን ጊዜ ተጠባባቂዎቹ ሁለታችን ነበርን። «ተገኘ! የጁማና ተገኘ!» የሚለው የሲስተር ሹክሪያ ድምፅ ከፎቶው ብልጭታ ጋር አንድ ላይ መጣ። ጋዜጣ ላይ የወጣውን ፎቶ ሳየው እርስዎ አፍዎን ከፍተው ወደ ላይ ሲቆጡ፣ ሰማያዊው ገመድም በግንባርዎ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ቆርጬ ቤቴ ሰቅዬዋለሁ፤ የተሰቀለበት ሚስማር ከሥሩ ምንም አልበሳም፣ አይቻለሁ።

አምስተኛ፤ እዚህ ላይ ግን ሳላደንቅዎ ማለፍ አልችልም። በማዕከልዎ ውስጥ ያለ እንከን የሚሠራው መጠባበቂያ በእርስዎ ወንበር ላይ የተገጠመው ብቻ ነው። በማግሥቱ «ስክሪኑ ለምን ጠፋ?» የሚል ጥያቄ ከበላይ ሲመጣ፣ ጥፋቱ እርስዎን ነካ ሳይባል ድሪል ወደያዘው ሠራተኛ አለፈ። እሱ ቀድሞ ጠይቄያቸዋለሁ ብሎ ምስክር ሲጠራ ደግሞ ዓይን ሳይርገበገብ ወደ ኢብቲሃል አለፈ። ወንበሩ ያው፣ ማኅተሙ ያው፣ ፈገግታው ያው፤ የተቀየረው የሚመታው ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ስንት ተጠባባቂ ሰው እንዳዘጋጁ አላውቅም፤ መንገዳቸውን ግን በደንብ ለያይተዋል። ክሱንም አንብቤዋለሁ፤ ሙያዬ ነውና አጻጻፉን አደነቅኩ፤ «ያለ ፈቃድ ገመድ በመዘርጋትና የማዕከሉን ገጽታ በማበላሸት» ይላል። ስለ ብሎኑ አንዲት ቃል የለበትም። የልጄ ስምም የለበትም። ይህን ያህል ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ማጥፋት ቀላል ጥበብ አይደለም።

አንገሽግሾኛል ክቡርነትዎ። ትሕትናዬ እዚህ ድረስ ስለመጣ ከአሁን በኋላ በግልጽ ልናገር። ቀለሙ አንገሽግሾኛል፣ ሰሌዳው አንገሽግሾኛል፣ ልጄ ጣረሞት ላይ ሆና ከአትክልቱ የሚመጣው የበግ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ሥጋ መብላት ትቻለሁ። ሚስቴ «ታመምክ ወይ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ሰው የሰው ልጅ ሊሞት ሲል አይቶ ስለ ፎቶ ሲያስብ አየሁ ልበላት?

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። እሑድ ኢብቲሃልን አያሰናብቱ፤ የትኛው ገመድ የማንን ነፍስ እንደያዘ የሚያውቅ ሰው በቤትዎ ውስጥ ከእሷ ሌላ የለም። ሰማያዊውን ገመድ አይንኩ፤ አራቱ ገመዶች ተቀጥለው ዳግም በነጩ መክተቻ ውስጥ እንደተኙ፣ ብሎኑም እንዳለ ሰምቻለሁና፣ ለብቻው የሚሄድ መንገድ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ዓይንዎን የሚያስከፋዎ ከሆነ ግድግዳውን ሰማያዊ ያስቀቡት፤ ቀለም እንደሆነ ሞልቶልዎታል። ገመዱ እንደ ጀግና ይሸለም አላልኩም፤ ሰሌዳም አልጠየቅኩም፣ እባክዎ ሰሌዳ የሚባል ነገር አያምጡብን።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለጠረጉልን እጅ፣ ለሸፈኑልን ግድግዳና ያን ቀን በደም አጠገብ ደም አጥተን እንድንቀመጥ ላደረጉልን ዝግጅት ያለኝን ጥልቅ ምስጋና፣ በዕድሜ ልክ የአቤቱታ ጸሐፊነቴ ያጠራቀምኩትን ክብር ሁሉ ጨምሬ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ሁልጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅዎ፣
ጃሲብ ነዒም፣ አቡ ጁማና
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ባስራ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ልወስድ ስነሳ ስሙን የማልጠቅሰው ሰው ደወለልኝ፤ ለኮሚቴዎ ሥራ እንዳላበዛበት ነው የማልጠቅሰው። ሰማያዊው ገመድ ዛሬ ጠዋት ወርዷል አለኝ። ተጠቅልሎ ነጩ መክተቻ ውስጥ ገብቷል፣ ከሌሎቹ ጋር፣ ከነሐሱ ሰሌዳ ሥር። ግድግዳው አሁን በጣም ያምራል አሉ። ለጁማና ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጥቂት አሰብ አድርጋ «አባባ፣ ዶክተሩ ‹ለሁሉም የሚሰጥ ደም ነው ያለኝ› ብሎ አልነበር?» አለችኝ። ብሎ ነበር አልኳት፤ ለሁሉም ከሆነማ ለመራጩ ሰውነቷም ይሆናል። ስለዚህ ማክሰኞ ከአልጋዋ አጠገብ ስምዎ የተጻፈበት ወንበር እናስቀምጣለን። ስክሪኑ እስካልጠፋ ድረስ ምንም አይሠሩም፤ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሲመጡ በኮሪደሩ በኩል አይምጡ፤ እባክዎ በሌላ መንገድ ይምጡ። ከጠፋ ግን እጅጌዎን ይጠቀልላሉ፤ በዚህኛው ጊዜ መርፌው ፎቶ አንሺው ከሄደ በኋላም ከክንድዎ አይወጣም።